የጥር ወር ቀለብ በገና ዋዜማ ሲያልቅ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም ባለቤቴም በወር ደመወዝ የምንተዳደር ስንሆን ሦስት ልጆች አሉን። ባለፈው ፋሲካ በግ፣ ሁለት ዶሮ፣ ቅቤና የልጆች ልብስ ስንገዛ ገንዘባችን አልቆ የጎደለውን በስልኬ ተበድሬ ሞላሁ፤ ያንን ብድር በሌላ ብድር እየተካሁም እስከ ሐምሌ ስከፍል ቆየሁ። አሁን ገና እየመጣ ነው። «ዘንድሮ በጉን ትተን ከብሎካችን ሰዎች ጋር ቅርጫ እንግባ፤ ዶሮውንም ታርዶና ተቆራርጦ የሚሸጠውን ከሱፐርማርኬት እንግዛ» ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ባለቤቴ ተቆጣ። «በልጆቼ ፊት በግ ሳይታረድ በዓል አይባልም፤ እናቴስ ከደብረ ብርሃን መጥታ ምን ትላለች?» አለኝ። ለልጆቹ ልብስ በቴሌግራም በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አግኝቼ ብሩን ቀድሜ ልልክ አስቤአለሁ። እውነት ስስታም ሆኜ ነው? አማቴን ሳላስቀይምስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጾመ ነቢያት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ስለ በዓል ወጪ ወደዚህ ዓምድ የሚጻፉ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በዓሉ አልፎ፣ ዕዳው ተቆልሎ፣ ባልና ሚስቱም ተኳርፈው ካበቁ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ከማለት ያለፈ የሚነገር ነገር አይኖርም። እርስዎ ግን እስከ ታኅሣሥ 28 ያሉት የጾም ሳምንታት በሙሉ ማለት ይቻላል ከፊትዎ ናቸው።

ቀጥተኛውን መልስ ላስቀድም። ስስታም አይደሉም። የቅርጫውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ በዶሮው በከፊል እስማማለሁ፤ በእጅዎ ላልነኩት ልብስ ቀድመው ብር መላኩን ግን እንዲተዉት እመክራለሁ። ይሁን እንጂ ከበጉም ከልብሱም ይልቅ ያሳሰበኝ፣ ብድሩን በሌላ ብድር እየተኩ መቆየትዎን በአንድ መስመር ጠቅሰው ማለፍዎ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28) ስለሆነ ከደመወዝ ቀን ጋር ይገጣጠማል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛው ለበዓሉ እንዲደርስለት በማሰብ ክፍያውን ጥቂት ቀናት ያስቀድማሉ። አሳቢነቱ የሚመሰገን ቢሆንም ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። በዋዜማው ኪስ ሞልቶ ስለሚታይ ያ ገንዘብ የበዓል ገንዘብ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የጥር ወር የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት፣ የአስቤዛና የልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ነው። ጥር ከገባ በ11ኛው ቀን ጥምቀት፣ በማግሥቱ ቃና ዘገሊላ አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ከሁለት ሳምንት በላይ ቀናት በምን እንደሚገፉ እርስዎ ባለፈው ፋሲካ አይተውታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ በታኅሣሥ መጨረሻ የሚገባው ደመወዝ ለበዓሉ እንዳይነካ ከባለቤትዎ ጋር ተስማሙ፤ ለገና የሚወጣው ገንዘብ ታኅሣሥ 20 ላይ በእጃችሁ ያለው ብቻ ይሁን። ይህ ከጸና ስለ በጉ የሚደረገው ክርክር ግማሹ በራሱ ይፈታል፤ ምክንያቱም ጥያቄው «በግ እናርዳለን ወይስ አናርድም?» መሆኑ ቀርቶ «በእጃችን ባለው ብር ምን እናድርግ?» ይሆናል።

የስልኩን ብድር በተመለከተ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ገበያውን ሁሉ በስልክ መክፈል ከለመድን በኋላ፣ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለ መያዣና ያለ ዋስ በስልክ መበደርም ተለምዷል። ድንገት ለታመመ ሰው ወይም ዕቃ ገዝቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ግን ለበዓል የሚበደር ሰው ጎረቤቱን ወይም የሰፈሩን ባለሱቅ ፊት ለፊት መጠየቅ ነበረበትና፣ ያ ትንሽ ይሉኝታ ብዙውን ሰው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይበደር ይይዘው ነበር። ስልኩ ፊት የለውም፤ «ባለፈው የወሰድሽውን መለስሽ ወይ?» ብሎም እንደ ባለሱቁ በዓይኑ አይጠይቅም። ሁለት ቀን ተበልቶ ለሚያልቅ ነገር ወራት የሚከፈልበት ዕዳ መግባት፣ በተለይም አንዱን በሌላው መተካት፣ በየዙሩ የአገልግሎት ክፍያና ወለድ የሚጨምር በመሆኑ በጉን ከገበያ ዋጋው በላይ ያስወጣዎታል። ለገና በስልክዎ አይበደሩ። ልጆቹ በዓሉን በግ ሳይታረድ ቢያሳልፉም እንኳ አይበደሩ።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ ካሉኝ፣ በመጀመሪያ በዓላቱን አሰባስበው ይዩአቸው። እንቁጣጣሽና መስቀል በ16 ቀናት፣ ገናና ጥምቀት በ12 ቀናት ልዩነት ይከተላሉ፤ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ከባድ ወጪ ያለባቸው ወቅቶች ሦስት ናቸው፤ የሦስቱን ወጪ ደምረው ለ12 ወራት ሲያካፍሉት የሚገኘውን መጠን በወር በወሩ ማስቀመጥ ዋዜማ ላይ ከመበደር እጅግ የቀለለ ነው። የጉራጌ ቤተሰቦች ለመስቀል የሚያደርጉትን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ወንዶቹ ለሚታረደው በሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቅሙና መስከረም ሲደርስ ገበያ የሚወጡት ያለ ዕዳ ነው። በብሎካችሁ የበዓል ዕቁብ ካለ ይግቡበት፤ ከሌለ አምስት ስድስት እማወራዎች ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ለዘንድሮው ገና ግን ዓመቱን ሙሉ የመቆጠቡ ጊዜ አልፏል። የቀረው ጾሙ ራሱ ነው። እርስዎና ባለቤትዎ የምትጾሙ ከሆነ፣ ከ40 በሚበልጡት በእነዚህ ቀናት ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለእንቁላልና ለወተት ታወጡት የነበረው ገንዘብ ከቤት አይወጣም። በብዙ ቤት ይህ ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ በጥቃቅን ነገር ያልቃል። በጥቅምት ወር በሳምንት ለእነዚህ ምግቦች ስንት ያወጡ እንደነበር አስታውሰው በየቅዳሜው ያንኑ ያህል ለብቻ ያስቀምጡ፤ ዘይቱ፣ ምስሩና ሽሮው በጾሙ ምክንያት ወጪ ጨምሮ ከሆነ ጭማሪውን ይቀንሱለት፤ ከማይጾሙት ልጆች ድርሻም አይንኩ። እስከ ታኅሣሥ 20 ከአራት እስከ አምስት ቅዳሜዎች ያገኛሉ። ሙሉ በግ የሚገዛ ላይሆን ይችላል፤ የቅርጫ ድርሻና የዶሮ ወጥ ግን ከዚህ በእጅጉ የራቀ አይደለም።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ በዋዜማው ዋጋ የሚንረው ነጋዴ ሁሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሚሊዮኖች ለሳምንታት ሥጋና ቅቤ ሳይገዙ ቆይተው ሁሉም በአንድ ሌሊት ስለሚፈስኩ፣ ሁሉም በአንድ ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ለመግዛት ይወጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ልብስና የቤት ዕቃ መወደዱን ሁሉም ሰው በየኪሱ አውቆታል። በግ ያርድ የነበረው ቅርጫ ገባ፤ ቅርጫ ይገባ የነበረው በኪሎ ገዛ፤ ሁለት ዶሮ ይሠራ የነበረው አንድ ሠርቶ እንቁላሉን አበዛ። ወደ እሁድ ገበያ የሚወጣውም ሰው የመርካቶን ጥድፊያ ሽሽት ብቻ ሳይሆን ከአምራቹ ወይም ከማኅበራት በቀጥታ ለመግዛት ነው። ባለቤትዎ ጎረቤቱ ሁሉ በግ እየጎተተ የሚገባ መስሏቸው ከሆነ በብሎካችሁ ደረጃ ላይ ቆመው ይቁጠሩ።

አሁኑኑ ሊገዙ የሚገባቸውን ነገሮች ልንገርዎ። ከሁሉም የሚቀድመው ቅቤ ነው። በጾሙ አጋማሽ ፈላጊው ስለሚቀንስ ከዋዜማው ይልቅ በተሻለ ዋጋ ይገኛል፤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ በደንብ ከተነጠረና ውሃው ጨርሶ ከወጣለት በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቆያል። ሲነጠር እንደሚቀንስ አስበው ትንሽ ጨምረው ይግዙ። በዋዜማው የሚቀርበው ቅቤ ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ መሆኑን ስለሚያውቁ ከማያውቁት ሰው ከመውሰድዎ በፊት ጥቂቷን አቅልጠው ቢያዩ ነውር የለበትም። ሁለተኛው በርበሬ ነው፤ አዲሱ ምርት ከማረቆና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ገበያ የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ ዛላውን ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ አድርቀውና አዘጋጅተው በዓይንዎ ፊት ያስፈጩት። የተፈጨውን ከመንገድ ዳር መግዛት ከበዓል በፊት የሸክላ አፈር ቤት ማስገባት ሊሆን ይችላል። እንቁላል በቀዝቃዛ ቦታ በደህና የሚቆየው ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሆነ እሱን በዓሉ ሲቃረብ ይግዙት፤ ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት የሚንሳፈፈውን ይጣሉ። ጤፍን ግን በዋዜማው ተሯሩጠው አያከማቹ፤ አጨዳውና ውቂያው በዚህ ወቅት ስለሆነ አዲሱ ምርት ወደ ከተማ የሚገባው ከገና በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ለበዓሉ የሚያስፈልገው የእንጀራ ብዛት ከተራው ሳምንት ያን ያህል አይበልጥም፤ እንዲያውም እንግዳ ሁሉ ዳቦ ስለሚቀርብለት የሚተርፈው እንጀራ ነው።

አሁን ወደ በጉ። የቁም በግ በሚዛን ስለማይሸጥ ገዢው በኪሎ ስንት እንደከፈለ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል። ቁም ክብደቱ 25 ኪሎ የሆነ የደጋ በግ ታርዶ ከነአጥንቱ የሚወጣው ሥጋ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ገደማ ነው። ለበጉ የተጠየቁትን ዋጋ፣ የደላላውን፣ የማጓጓዣውንና የአራጁን ጨምረው በ10 ያካፍሉና የሚወጣውን ቁጥር ከሰፈራችሁ ሥጋ ቤት የበግ ሥጋ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። ይህን ስሌት ባለቤትዎ ራሳቸው በወረቀት ላይ ቢሠሩት እርስዎ ከሚነግሯቸው ይልቅ ይረዱታል። በአንድ ወቅት ቆዳው የወጪውን ጥቂት ይመልስ ነበር፤ በበዓል ማግሥት ቆዳ ገዢዎች በየሰፈሩ እየጮኹ ሲዞሩ ልጆች ሽያጩን ለመሻማት በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ዛሬ የቆዳ ዋጋ ስለወደቀ የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ይሸታል፤ ቆዳችንን ለዓለም ገበያ እናቀርባለን ስንል ለኖርን ሰዎች ይህ የሚያሳፍር ቢሆንም ለእርስዎ ስሌት ያለው ትርጉም አንድ ነው፦ ከበጉ ዋጋ የሚቀነስ ነገር የለም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በጉ እስኪታረድ የሚታሰርበት፣ ከታረደም በኋላ ደሙና ፈርሱ የሚወገድበት ቦታ ራሱ ከጎረቤት ጋር የሚያጋጭ ነው።

ቅርጫ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ሆኖም ደንቡ ቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጠብ ያመጣል። በሬው እንደ ትልቅነቱ በስንት መደብ እንደሚከፈል፣ ማን ገዝቶ እንደሚያመጣና ከእሱ ጋር ሁለተኛ ሰው ማን እንደሚሄድ ከወዲሁ ይወሰን። እያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከታላቁም፣ ከታናሹም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱና ከጨጓራውም የድርሻውን እንዲያገኝ ብልት የሚያወጣው ሰው ልምድ ያለው ይሁን፤ ዕጣውንም ድልድሉን ያላየ ሰው ይጣልላችሁ። ከሁሉ በላይ ገንዘቡ በሬው ከመገዛቱ በፊት ይሰብሰብ። «በደመወዝ እከፍላለሁ» የሚለው ጎረቤት ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን እሱም እንደ እርስዎ ጥር ላይ ስለሚቸገር፣ ገዢው ዕዳውን ተሸክሞ ይቀራል። ከቻላችሁ ዕርዱ በቄራ እንዲሆን አድርጉ፤ በቄራ የሚታረድ ከብት በእንስሳት ሐኪም ይመረመራል፤ በግቢ ውስጥ የሚታረደውን ግን ማንም አያየውም። በግቢ ካረዳችሁ ጥሬ ሥጋውን ተዉት፤ ጥሬ ሥጋ በልቶ ኋላ ኮሶ የሚያሽር መድኃኒት የሚፈልገው ሰው ጥቂት አይደለም።

በዶሮው ላይ በከፊል ብቻ የምስማማው በወጡ ምክንያት ነው። ተቆራርጦ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሥጋ ተብሎ በሳምንታት ያደገ የፈረንጅ ዶሮ ስለሆነ፣ ቁሌቱ በሚፈልገው ጊዜ ሲሠራ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቃል፤ 12ቱ ብልት ተለይቶ በማይታወቅበት ወጥ አማትዎን ተቀብሎ ማስተናገድ እኔንም ያሳስበኛል። አማካዩ መንገድ እንቁላል መጣል አቁመው ከዶሮ እርባታዎች የሚሸጡት ዶሮዎች ናቸው፤ ሥጋቸው ጠንካራ ነው፣ ወጥ ይችላሉ፣ ዋጋቸውም ከሐበሻ ዶሮ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አንድ በቂ ነው። ሁለት ዶሮ የሚሠራው እንግዳ ለሚበዛበት ቤት እንጂ ለስድስት ሰው አይደለም።

ስለ ባለቤትዎና ስለ እናታቸው ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። በደብዳቤዎ ውስጥ አማትዎ አንድም ቃል አልተናገሩም። ባለቤትዎ «ምን ትላለች?» አሉ፤ እርስዎም እሳቸው እንደሚቀየሙ አምነው ተቀበሉ፤ እሳቸውን ግን የጠየቃቸው የለም። በደብረ ብርሃን ገበያ ዕድሜያቸውን የገፉ እናት በግ ስንት እንደገባ ከሁለታችሁም ይልቅ ያውቃሉ። እኔ እንደምጠረጥረው ባለቤትዎ የሚፈሩት የእናታቸውን ቅሬታ ሳይሆን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሠራ የተባለ ልጅ በግ አላረደም መባሉን ነው። ይህን ስሜት አይናቁባቸው፤ አባወራ በበዓል ቀን ቢላ ይዞ በልጆቹ ፊት መቆሙ ከአባቱ የወረሰው ነገር ነው። ስለዚህ ንግግሩን ከስስትና ከክብር አይጀምሩት። ባለፈው ፋሲካ የተበደሩትን፣ የከፈሉትን፣ እስከ ሐምሌ የቆየውን አንድ በአንድ ጽፈው በጸጥታ ጊዜ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብራችሁ እዩት። የተበደሩት እርስዎ፣ በስልክዎ፣ ምናልባትም ሙሉውን ሳይነግሯቸው በመሆኑ ባለቤትዎ የዕዳውን ክብደት ላያውቁት ይችላሉ። ቅርጫውንም ለእሳቸው ያስረክቡ፤ በሬውን መርጠው የሚገዙት፣ አባላቱን የሚያስተባብሩት እሳቸው ከሆኑ «በግ ያላረደ» ሳይሆን «በሬ የጣለ» አባወራ ይሆናሉ።

ለእናታቸው የሚነግሯቸውም ራሳቸው ልጃቸው ይሁኑ እንጂ እርስዎ አይሁኑ። ምራት የምትናገረው ቁጠባ ለአማት ጆሮ ሌላ ነገር ሆኖ መድረሱ የተለመደ ነው። ባለቤትዎ እስከ ኅዳር ጽዮን ባለው ጊዜ ደውለው «እማዬ፣ ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተናል፤ ቅቤና በርበሬውን ደግሞ አንቺ የምታውቂው ይሻላልና ከዚያው ብትገዥልን፣ ብሩን ልላክልሽ» ይበሏቸው። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ የሰሜን ሸዋን ቅቤ ከሾላ ገበያ ይልቅ እሳቸው መርጠው ቢገዙት በእርግጥም ይሻላል። ከወር በፊት የተማከሩ እናትና በዋዜማው በር ላይ በግ የሌለ መሆኑን ያዩ እናት አንድ ዓይነት ስሜት አይኖራቸውም። እሳቸው ሲመጡም ወጡን አብረዋቸው ይሥሩ፤ ለሦስቱ ልጆችዎ ከበጉ ዕርድ ይልቅ ይህ እንደሚቀርላቸው እገምታለሁ።

የልጆቹን ልብስ በተመለከተ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ መግዛት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ የሱቅ ኪራይ የማይከፍል ሻጭ በእርግጥም አርክሶ ሊሸጥ ይችላል። ሆኖም «ግማሽ ዋጋ» የሚባለው የየትኛው ዋጋ ግማሽ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ሙሉ ዋጋውን ቀድሞ ያየ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የሚፈልጉትን ልብስ ዋጋ ከሁለት ሦስት ሻጭ ጠይቀው ይጻፉ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያንኑ ሲጠይቁ ቅናሹ እውነተኛ ይሁን ወይም ዋጋው ተሰቅሎ የወረደ ይሁን ይታወቃል። ክፍያው ዕቃው ቤትዎ ደርሶ፣ ከፍተው አይተው፣ ለልጁ ለክተው ሲያበቁ ይሁን። በዚህ የማይስማማ፣ ሱቁ የት እንደሆነ የማይናገር፣ ዋጋውን በግልጽ ከመጻፍ ይልቅ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ሻጭ ከሆነ ይለፉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሸማቹም ዕቃውን በማየቱ ወይም ዋጋ በመከራከሩ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። መብትዎን ለመጠየቅ ግን ሻጩ የሚገኝበት አድራሻ ያስፈልጋል፤ ስሙን በአንድ ሌሊት የሚቀይር ቻናል ዘንድ አዋጁ ምንም አያደርግልዎትም።

ከዚህም ጋር ለገና ልብስ ገዝተው ለጥምቀት ሌላ አይግዙ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ስለሚባል ሁለቱን በዓላት በአንድ ልብስ ማሳለፍ የሚቻለው ልብሱን ለጥምቀት አስቦ በመግዛት ነው። ለሴት ልጅ የሐበሻ ቀሚስ የሚያስቡ ከሆነ ሽሮ ሜዳ አሁኑኑ ይሂዱ፤ ሸማኔው በጥር መጀመሪያ ሥራ ስለሚበዛበት ዋጋውም ይጨምራል፣ ቀጠሮውም ይዛባል። በማሽን የታተመው ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ ይረክሳል፤ ነገር ግን በጥቂት እጥበት ይደበዝዛል፣ ለታናሽም አይተርፍም። ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ባለፈው ፋሲካ የተገዛላቸው ልብስ ካልጠበባቸው ያ ይበቃቸዋል። የገና ዛፍ፣ መብራትና የስጦታ ወረቀት የሚባለውን በተመለከተ ረጅም ምክር የለኝም፤ ልጆቹ በትምህርት ቤት ስለሚያዩት ይጠይቃሉ፤ አንዴ የተገዛ የፕላስቲክ ዛፍ ካለ አውጥተው ይትከሉላቸው፣ ከሌለ ዘንድሮ አይጀመር። ባዛር መሄድ ከፈለጋችሁ ለመዝናናት ሂዱ እንጂ ለመሸመት አትሂዱ፤ የመግቢያው፣ የድንኳኑ ኪራይና የሙዚቃው ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሯል።

«ስስታም ሆኜ ነው?» ወደሚለው ጥያቄዎ ስመለስ፣ እኔ በዚህ ነገር የምመለከተው ሰው ምን እንደቀነሰ ሳይሆን ከማን ላይ እንደቀነሰ ነው። ከሁለተኛው ካሳ ለስላሳ፣ ከሦስተኛው ዓይነት ወጥ፣ በማግሥቱ ተበላሽቶ ከሚደፋው ላይ የቀነሰ ሰው ስስታም አይባልም። ድፎ ዳቦው ግን ይጋገር፤ ለታመመ ወይም በዓሉን ብቻውን ለሚያሳልፍ ጎረቤት የምትላከው ሳህን አትቅር፤ በቤተ ክርስቲያን በር ለተቀመጡት ነዳያን የለመዱት ይሰጥ። እነዚህን ከዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፏቸውና ቀሪውን በሚተርፈው ብር ይሙሉት። በብዙ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትቀረው የጎረቤት ሳህን ናት።

በመጨረሻም፣ ከፋሲካው ብድር ያልተዘጋ ቀሪ ካለ በየቅዳሜው ከሚያስቀምጡት ላይ እሱን ያስቀድሙ፤ ቅርጫው እንኳ ቢሆን ከዚያ በኋላ ይምጣ። በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀቱን ጽፈው ከባለቤትዎ ጋር መቀመጥ፣ ቀጥሎም የብሎካችሁን ቅርጫ የሚያስተባብሩትን ሰው ገንዘቡ እስከ መቼ እንደሚሰበሰብና መደቡ በስንት እንደሚከፈል መጠየቅ። ቀኑ ከታኅሣሥ 20 በኋላ ከተባለ ቀደም እንዲያደርጉት ይለምኗቸው፤ በሬውም በዋዜማው ከሚገዛ ያን ጊዜ ቢገዛ ይረክሳል፣ አባላቱም በታኅሣሥ መጨረሻ ደመወዝ ከመክፈል ይድናሉ።